የእኛን አፈር የሚያሳልፍ ግድብ ያቀደው ሰው፦ የሰር ዊሊያም ዊልኮክስ ሕይወት

የአስዋን ግድብ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ጋማል አብደል ናስር ነው፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1970 ወዳለቀው ግዙፍ ግድብ። ግን ከሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ አሮጌ የድንጋይ ግድብ አለ። ከተመረቀ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ቆሟል።

ይሄኛው ግድብ ሲሠራ አንድ ለየት ያለ ጠባይ ነበረው። ክረምት ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች አፈር ተሸክሞ የሚመጣውን ጎርፍ አያስቀረውም። በሮቹን ከፍቶ ያሳልፈዋል። የሚዘጋው ውሃው መጥራት ሲጀምር ነው።

ይህን ያቀደው ሰው ሰር ዊሊያም ዊልኮክስ ይባላል። ሕንድ ተወልዶ፣ ግብፅ ላይ ስሙን ተክሎ፣ ኢራቅን አጥንቶ፣ በስተርጅና ተከሶ ፍርድ ቤት የቆመ፣ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲጠጋ ደግሞ ቤንጋል ሄዶ የሙያ ባልደረቦቹን ያስቆጣ መሐንዲስ ነው። ዛሬ የሱን ታሪክ እናወጋችኋለን። ረዘም ይላል፣ ግን ስለ ዓባይ የሚያወራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የቦይ ከተማ ተማሪ

ዊልኮክስ በ1852 ሕንድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የጦር ሻምበል ነበር። ወንድሙ ጄምስ የአባቱን መንገድ ተከትሎ ጄኔራል እስከመሆን ደረሰ። ዊሊያም ግን ከጠመንጃው ይልቅ ውሃውን መረጠ።

የተማረው ሩርኪ በምትባል ከተማ በሚገኘው የቶማሰን ምህንድስና ኮሌጅ ነው። ሩርኪ ዝም ብላ ከተማ አይደለችም። በ1854 የተከፈተው ታላቁ የጋንጅስ የመስኖ ቦይ የሚያልፍባት፣ ኮሌጁም በዋናነት ለቦይ ሥራ ባለሙያ እንዲያወጣ የተቋቋመባት ናት። እዚያ የሚማር ወጣት መስኖን ከመጽሐፍ ብቻ አያውቀውም፤ በመስኮቱ በኩል ያየዋል። ዊልኮክስ በ1872 ተመርቆ በሕንድ የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት 11 ዓመት አገለገለ።

በ1882 እንግሊዝ ግብፅን ያዘች። በማግሥቱ የመጣው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። ግብፅ ለአውሮፓ አበዳሪዎች ከባድ ዕዳ ነበረባት፤ ዕዳው የሚከፈለው ከመሬት ነው፤ መሬቱ የሚያበላው ደግሞ በዓባይ ነው። ስለዚህ ሕንድ ውስጥ በመስኖ የተፈተኑ መሐንዲሶች ወደ ካይሮ ተጠሩ። ዊልኮክስም በ1883 ከነሱ ጋር መጣ። ያኔ 31 ዓመቱ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን ሳንሸፋፍን እንለፈው፦ የመጣው የቅኝ ገዢዎች አስተዳደር ሠራተኛ ሆኖ ነው።

ዝናብ የሌለበት እርሻ

ሥራውን ለመረዳት መጀመሪያ የግብፅን ሸለቆ ማወቅ አለብን። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ግራና ቀኙ በረሃ ነው። መሀል ላይ ወንዙና ከወንዙ ጋር የሚሄድ ቀጭን አረንጓዴ መሬት አለ። በቃ፣ አገሩ ያ ነው።

ገበሬው ለሺህ ዓመታት የኖረበት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነበር። ማሳዎቹን በአፈር ግንብ ከፋፍሎ ትላልቅ ገንዳ የመሰሉ ቦታዎች ያበጃል። እኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲዘንብ ዓባይና ተከዜ ይሞላሉ፤ ሙላቱ አስዋን ላይ ከፍ የሚለው እኛ ዘመን በምንለውጥበት ሰሞን ነው። ገበሬው ያን ጎርፍ ወደ ገንዳዎቹ ያስገባዋል። ውሃው ከአንድ ወር በላይ ተኝቶ ይቆያል፣ ያመጣው አፈር ይዘቅጣል፣ ከዚያ የተረፈው ውሃ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። በረጠበው መሬት ላይ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ማዳበሪያ አያስፈልግም፤ ማዳበሪያው ከደጋ መጥቷል። ጨውም አይከማችም፤ በየዓመቱ ጎርፉ ያጥበዋል።

ዓባይ ግንድ ይዞ እንደሚዞር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አፈር ይዞ ሄዶ የአንድ ሌላ አገር ምግብ እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ አናስበውም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወንዙ ልኩን አያውቅም። በ1877 ውሃው በጣም አንሶ ላይኛው ግብፅ ላይ ሰፊ መሬት ሳይዘራ ቀረ። በማግሥቱ በ1878 ደግሞ ጎርፉ ከመጠን አልፎ ግንቡን ሰብሮ መንደሮችን አጥለቀለቀ። በሁለት ተከታታይ ዓመት ድርቅና ጎርፍ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥጥ ነው። የማንቸስተር ፋብሪካዎች የግብፅን ጥጥ ይፈልጋሉ። ጥጥ ደግሞ ውሃ የሚፈልገው ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ ወንዙ በጣም በሚያንስበት ጊዜ ነው። የመስከረምን ውሃ ለግንቦት ማቆየት ካልተቻለ ጥጥ የለም።

የተሰነጠቀው ግድብና የ1887 ጎርፍ

ዊልኮክስ ግብፅ እንደገባ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ከካይሮ በታች፣ ወንዙ ሁለት ከሚሆንበት ቦታ ላይ ያለውን ጠለፋ ግድብ መመርመር ነበር። በመሐመድ አሊ ዘመን በፈረንሳይ መሐንዲስ ተጀምሮ በ1861 ቢያልቅም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተሰነጠቀ። አይረባም ተብሎ ቆሞ ነበር። ዊልኮክስ በ1884 በጥንቃቄ ውሃ እንዲይዝ አደረገውና ሊሠራ እንደሚችል ታየ። ከዚያ በኋላ በደንብ ታድሶ ለዴልታው እርሻ ዋና አገልጋይ ሆነ።

ሌላም ያየው ነገር ነበር። ገበሬው በየዓመቱ ያለ ክፍያ፣ የራሱን መሣሪያና ስንቅ ይዞ ደለል የሞላውን ቦይ እንዲጠርግ ይገደድ ነበር። ዊልኮክስ ይህ የግዳጅ ሥራ ቀርቶ በደሞዝ እንዲሠራ ከታገሉት መሐንዲሶች አንዱ ነው። የቦይ ጠረጋው ግዳጅም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ።

በ1887 ከፍተኛ ጎርፍ መጣ። ዊልኮክስ አንድ መንደር ላይ ግንቡ ሲሰበር በቦታው ነበር፤ ያየውንም ጽፎ አስቀርቷል። ሕዝቡ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዶሮውን፣ የቤት ዕቃውን ይዞ ጠባቡ ግንብ ላይ ወጣ። ሴቶች በመንደሩ የተከበረ ሰው መቃብር ዙሪያ ቆመው ደረታቸውን ይደቁ ነበር። ወንዶች እየሮጡ ያገኙትን ሁሉ እያነሡ ሽንቁሩን ለመድፈን ይወስዳሉ። በመጨረሻ የመስጊዱን በርና መስኮት ነቅለው፣ ከኋላው ተደጋግፈው ውሃው ውስጥ ቆመው ሽንቁሩን ዘጉት።

ይህን ያየ መሐንዲስ ስለ ጎርፍ መከላከል ሲያስብ ቁጥር ብቻ አይታየውም። በኋላ ያወጣው ትልቁ የጥናት ሪፖርት ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መስኖንና ከጎርፍ መጠበቅን በአንድ ርዕስ ያጣመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሱ ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ፦ ያው ውሃ ነው፤ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል።

180 በሮች

በ1890 የውሃ ማጠራቀሚያ ጥናቱን እንዲመራ ተሾመ። ለግድብ የሚሆን ቦታ ፍለጋ ከሱዳን ድንበር እስከ ካይሮ ያለውን ሸለቆ አጠና። ደረጃውን ለካ፣ ድንጋዩን መረመረ፣ ውሃውን ቆጠረ። በመጨረሻ አስዋን ላይ፣ ወንዙ በግራናይት አለት መካከል እየተሰነጣጠቀ የሚወርድበትን ቦታ መረጠ።

ከባዱ ጥያቄ ግን ቦታው አልነበረም። ከባዱ ደለሉ ነው። የክረምቱን ጎርፍ ብትገድበው አፈሩ ከግድቡ ኋላ ይዘቅጣል። ከጊዜ በኋላ ማጠራቀሚያው የጭቃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ከታች ያለው ገበሬም ማዳበሪያውን ያጣል።

የዊልኮክስ መልስ ግድቡን በር በበር ማድረግ ነበር። 180 በሮች! ጎርፉ ሲመጣ በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ውሃው አፈሩን እንደያዘ ያልፋል፤ ግድቡ ከነመኖሩ የማይቆጠር ይመስላል። ኅዳር መጨረሻ ገደማ ውሃው ሲጠራ በሮቹ ተራ በተራ ይዘጋሉ። ማጠራቀሚያው በክረምቱ ሳይሆን በበጋው ንጹሕ ውሃ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ጥጡ ሲጠማ፣ ይለቀቃል። ሐምሌ ላይ ባዶ ሆኖ ቀጣዩን ጎርፍ ይጠብቃል።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን ወንዙን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ጠባየኛ ሰው አጥንቶ፣ መቼ ዝም ማለት መቼ መናገር እንዳለበት ማወቅ ይጠይቃል።

በ1894 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን የተውጣጡ ሦስት መሐንዲሶች ዕቅዱን እንዲመረምሩ ተጠሩ። እዚህ ላይ ከአውሮፓ ትልቅ ጩኸት ተነሣ። ምክንያቱም ግድቡ ፊላይ የምትባለውን ደሴትና የጥንቱን የኢሲስ ቤተ መቅደስ ውሃ ውስጥ ይከታል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ በዚህ ምክንያት ተቃወመ። በመጨረሻ ግድቡ ዝቅ እንዲል ተወሰነ፤ የሚይዘውም ውሃ በእጅጉ ተቀንሶ ወደ 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ለቤተ መቅደሱ የጮኸ ብዙ ነው። ከግድቡ በላይ ቤታቸውና የተምር ዛፋቸው ውሃ ሊገባበት ለነበሩት የኑብያ ሰዎች የጮኸ ግን እምብዛም አልነበረም። ግድቡ በ1912 እና በ1933 ከፍ ሲደረግ ውሃው ተከተላቸው። በ1960ዎቹ ትልቁ ግድብ ሲመጣ ደግሞ የቀረውን መሬታቸውን ጠቅልሎ ወሰደው። የዊልኮክስን ብልህነት ስናደንቅ ይህንን መርሳት አይገባም።

ዊልኮክስ ግድቡ ሲሠራ አልነበረም። በ1897 የመንግሥት ሥራውን ለቆ ወደ ግል ኩባንያ ሄዷል። ግንባታው በ1898 ተጀመረ፤ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የግራናይት ግድብም ታኅሣሥ 10 ቀን 1902 ተመረቀ። ዊልኮክስ በዚያው ዓመት ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኘ።

1902 ለእኛም ትልቅ ዓመት ነው። በግንቦት 15 ቀን አዲስ አበባ ላይ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። በውሉ ውስጥ ያለችው የዓባይ አንቀጽ፣ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያስቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ስምምነት ውጭ እንዳይሠራ የምትለው፣ እስከ ዛሬ ታጨቃጭቃለች። የውሉንና የግድቡን ዓመት አንድ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት። ከታች ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያጠራቅም ሰው፣ ከላይ ያለው ምንጭ ያሳስበዋል።

ያልተጠበቀው ጨው

ግድቡ ሠራ። ጥጡ ተስፋፋ። ገንዘቡ መጣ። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበሬው የማያውቀው ነገር ይታይ ጀመር። የጥጥ ምርት በሔክታር እየቀነሰ ሄደ፤ በ1909 ደግሞ ክፉኛ ወደቀ።

ምን ሆነ? ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ መሬት ውሃ ማውጫም ያስፈልገዋል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ገባ፤ የተረፈው ውሃ የሚወጣበት ማፋሰሻ ግን በሚገባው ልክ አልተሠራም። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ እያለ መጣ፣ የሰብሉን ሥር አነቀ፣ ፀሐይ ሲመታው ተንኖ ጨውን ላይ ላይ ተወ። የድሮው የገንዳ መስኖ ጨውን በየዓመቱ ያጥብ ነበር፤ አዲሱ አላጠበም። ከዚህ ሌላ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚቆምባቸው ቦዮች የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ መራቢያ ሆኑ። ገበሬው ጥጡን ሲያጠጣ በሽታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ፣ አሚባራና መልካ ሰዲ አካባቢ ጥጥ ይዘራበት የነበረ ሰፊ መሬት በዚሁ ምክንያት፣ ማፋሰሻ በማጣት፣ በጨው ተመትቶ ተትቷል። ከላይ ያለው የቆቃ ግድብ ደግሞ በ1960 ሲሠራ ከነበረው ውሃ የመያዝ አቅም ቀላል የማይባል ክፍል ለደለል አስረክቧል። በረሃማ ሸለቆ ላይ ውሃ ማምጣት ከሥራው ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ ጭቃውንና የተረፈውን ውሃ የት እንደምታደርሰው ማወቅ ነው።

ከዓባይ ወደ ጤግሮስና ኤፍራጥስ

በ1908 ቱርክ ውስጥ ወጣት ቱርኮች ሥልጣን ያዙ። አዲሱ መንግሥት ያኔ በኦቶማን ሥር የነበረውን የዛሬውን ኢራቅ ማልማት ፈለገና ዊልኮክስን አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። ከመሐንዲሶች ቡድን ጋር በረሃውንና ረግረጉን እየዞረ አጠና፤ ሪፖርቱን በ1911 አቀረበ።

እዚህ ላይ የግብፅን መፍትሔ ቀድቶ ለመለጠፍ አልሞከረም። ምክንያቱም ወንዞቹ ጠባያቸው ሌላ ነው። ዓባይ የሚሞላው የበጋው ሙቀት ካለፈ በኋላ፣ ስንዴ ሊዘራ ሲል ነው። ለገበሬ ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ የለም። ጤግሮስና ኤፍራጥስ ግን የሚሞሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ነው። ያኔ ስንዴና ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፤ ለክረምቱ ሰብል ዘግይቷል፣ ለበጋው ሰብል ቸኩሏል። ጎርፉ የሚመጣው እህል ሊሰበሰብ ሲል ነው ማለት ነው። ባግዳድም ራሷ በጤግሮስ ጎርፍ ስትጥለቀለቅ ኖራለች።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ግብፅ ላይ መጀመሪያ ውሃ ማጠራቀም፤ እዚህ መጀመሪያ ጎርፉን ማስተንፈስ። ከኤፍራጥስ አጠገብ ሐባኒያ የሚባል ዝቅተኛ ሐይቅ አለ። ወንዙ ሲቆጣ ትርፉ ውሃ በቦይ ወደዚያ ይግባ፣ ወንዙ ሲያንስ ይመለስ አለ። ሜዳው ከጎርፍ ስጋት ሲያርፍ ነው ቦይ መዘርጋትና ገበሬ ማስፈር የሚቻለው።

በጣም አስቸኳይ የነበረው ግን ሂንዲያ ነው። ኤፍራጥስ በባቢሎን ፍርስራሽ አጠገብ የሚያልፈውን የሂላን ቅርንጫፍ እየተወ ወደ ሂንዲያ ቅርንጫፍ ዞሮ ነበር። የሂላ ገበሬ ወንዙ ሲሄድበት ዓይኑ እያየ መሬቱ ደረቀ። ቀደም ሲል የተሠራ መከለያ ፈርሷል። ዊልኮክስ ያቀደው አዲሱ የሂንዲያ ጠለፋ ግድብ በ1911 ተጀምሮ በ1913 መጨረሻ ተከፈተ፤ ውሃውም ወደ ሂላ ተመለሰ።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሌላው ሁሉ ቆመ። የሐባኒያው ሐሳብ ተሟልቶ ሥራ ላይ የዋለው በ1956፣ የራማዲ ግድብ ሲመረቅ ነው። በዚያው ዓመት የጤግሮስን ጎርፍ ወደ ሰርሰር ጎድጓዳ ሜዳ የሚመልሰው የሳማራ ግድብም ተመረቀ። ይህ የሆነው በ1954 ባግዳድ በታላቅ ጎርፍ ልትዋጥ ከተቃረበች በኋላ ነው። ዊልኮክስ ከሞተ 24 ዓመት አልፎት ነበር።

በነገራችን ላይ ሰውየው አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። ኢራቅ እያለ በዘፍጥረት የተጻፈችው ኤደን ገነት የት እንደነበረች በመሐንዲስ ዓይን ፈልጓል። አራቱንም ወንዞች እዚያው ኢራቅ ውስጥ አገኘኋቸው ብሎ አመነ። እኛ ዓባይ ነው የምንለውን ግዮንን ሳይቀር ከኤፍራጥስ ቅርንጫፎች አንዱ አደረገው! በዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎቻችን እንደማይስማሙ እናውቃለን።

የገበሬው ቋንቋ

ከብዙ ቅኝ ገዢ ባለሥልጣናት የሚለየው አንድ ነገር አለ። የግብፅ ገበሬ በሚናገረው ዓረብኛ ያወራ ነበር። የመጽሐፍ ዓረብኛ ሕዝቡን ከእውቀት ያርቃል የሚል አቋም ነበረው፤ በ1893 ካይሮ ላይ ባደረገው ንግግር ይህንኑ አንሥቶ ብዙ የግብፅ ምሁራንን አስቆጥቷል። ቅኝ ገዢ ቋንቋችንን ሊነጥቀን ነው ያሉት ጥቂት አልነበሩም። እሱ ግን አልተወውም፤ አዲስ ኪዳንን ወደ ግብፅ የመንገድ ዓረብኛ ተርጉሟል።

ፍርድ ቤት

ከጦርነቱ በኋላ በግብፅ መስኖ ላይ ዋናው ሰው ሰር መርዶክ ማክዶናልድ ነበር። ሱዳን ውስጥ በጥቁር ዓባይ ላይ ለገዚራ ጥጥ፣ በነጭ ዓባይም ላይ ለግብፅ የሚሆኑ ግድቦች ታቀዱ። ዊልኮክስ ዕቅዱን ተቃወመ። ተቃውሞው ስለ ቦታና ስለ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ የሙያ ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን ማክዶናልድ የወንዙን የፍሰት ቁጥሮች ሆን ብሎ አዛብቷል ብሎ በአደባባይ ከሰሰ።

በ1920 ገለልተኛ ኮሚሽን ተሰይሞ ማክዶናልድን ነጻ አደረገ። ዊልኮክስ አልቆመም። በ1921 ካይሮ በሚገኘው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በስም ማጥፋት ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። ፍርድ ቤቱ ሽማግሌውን እስር ቤት አልከተተውም፤ በጠባዩ እንዲጠነቀቅ ግዴታ አስገብቶ ለቀቀው። ዕድሜው ያኔ 68 ነበር።

ነገሩ ያን ያህል የጋለው ለምንድን ነው? ግብፅ ውስጥ የነጻነት እንቅስቃሴው ተቀጣጥሎ ነበር። ብዙ ግብፃውያን እንግሊዝ ሱዳን ላይ የምትሠራውን ግድብ አንገታችንን መያዣ ነው ብለው ፈሩ። ስለዚህ የውሃ ቁጥር ተራ ቁጥር አልነበረም። ከዓባይ ስንት ሜትር ኩብ ያልፋል የሚለው ጥያቄ፣ ማን ማንን ያምናል የሚል ጥያቄ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላም ይሄ ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የሽማግሌው መልስ

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፍ ነበር። ዊልኮክስ ግን በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ተወለደበት ሕንድ ተመልሶ የቤንጋልን ወንዞች መመርመር ጀመረ። በ1930 በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ተከታታይ ንግግር አደረገ፤ ንግግሩም በመጽሐፍ ታተመ።

እንግሊዞች ቤንጋል ውስጥ የሞቱ ወንዞች የሚሏቸው መስመሮች ነበሩ። ዊልኮክስ እነዚህ ወንዞች አይደሉም፣ የጥንት ነገሥታት ያስቆፈሯቸው የመስኖ ቦዮች ናቸው አለ። የጥንቱ ገበሬ የክረምቱን ደለላማ ጎርፍ በልኩ እየከፈተ ወደ ሩዝ ማሳው ያስገባው ነበር። ከጎርፉ ጋር አፈር ይመጣል፣ ዓሣም ይመጣል፤ ዓሣው የትንኝ ዕጭ ይበላል። ኋላ የባቡር ሐዲድና የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሲሠራ ይህ ሁሉ ተቆረጠ። መሬቱ ደኸየ፣ ወባውም በዛ፤ የሱ ክርክር ይህ ነበር።

የመንግሥት መሐንዲሶች አልተቀበሉትም። የታሪኩ ክፍል፣ ቦዮቹ በእርግጥ በሰው የተቆፈሩ ናቸው የሚለው፣ አሁንም ያከራክራል። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። የሰውየው ስም የተተከለው ውሃ በማስቀረት ነው። ዕድሜው ሲገፋ የተሟገተው ጎርፍን በልኩ ስለማስገባት ነው። የግብፅ ገበሬ ከሺህ ዓመታት በፊት ያውቀው ወደነበረው ነገር ተመልሶ ሄደ ማለት ይቻላል።

ዊልኮክስ በ1932 ካይሮ ውስጥ አረፈ። 79 ዓመቱ ነበር።

ዛሬ ምን ቀረ?

ከ1970 በኋላ ትልቁ የአስዋን ግድብ ጎርፉንም አፈሩንም አስቀርቷል። የግብፅ ገበሬ ዛሬ ማዳበሪያ ይገዛል። ደለሉ ከግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ይዘቅጣል። የዊልኮክስ ግድብ ከሱ ሥር ሆኖ ይሠራል፤ ግን ለጎርፍ በሩን የሚከፍትበት ዘመን አልፏል። የሚመጣለት ጎርፍ የለም።

ከላይ ደግሞ የእኛው ሕዳሴ ቆሟል። ክርክሩ በሙሉ ስለ ውሃው ነው፤ ስንት ያልፋል፣ ስንት ይቀራል። ከውሃው ጋር የሚሄደው አፈር ግን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ገበሬ ማሳ ላይ የታጠበ ነው። ድሮ ቢያንስ የሌላ አገር ገበሬ ይዘራበት ነበር። ዛሬ ግድብ ውስጥ ይቀመጣል። ከማሳው ላይ እንዳይነሣ ካላደረግነው፣ ግድባችንም የገበሬያችን ጓዳም አብረው ይጎዳሉ። እርከንና የተራራ ልማት የግድብ ሥራ አካል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቤተሰቦች፣ ከአሁን በኋላ አዲስ የመስኖ ፕሮጀክት በዜና ስትሰሙ ስንት ሔክታር ያለማል ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ጎርፉ ሲበዛ የት ይሄዳል? ደለሉስ? ማሳው ጠጥቶ የተረፈው ውሃ በየት ይወጣል? ውሃው የሚያስነሣቸው ሰዎችስ የት ይሰፍራሉ? ዊልኮክስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በደንብ መለሰ። ሦስተኛው በግብፅ በጊዜው ሳይመለስ ገበሬው በጨው ከፈለበት። አራተኛውን ያኔ የጠየቀ እምብዛም አልነበረም።

እናንተ አካባቢ በጨው ወይም በደለል የተጎዳ የመስኖ እርሻ አለ? ወይስ በደንብ የተሳካ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ አብረን እናየዋለን። መልካም ጊዜ!